የንብ መርዶ አያድርም

ንቦቹ ቤታችን የገቡት በጥር መጨረሻ፣ ከተማዋን ሁለት ቀን ያጥለቀለቃት ዝናብ ባባራ ማግስት ነው። "ቤታችን" ስል የምሠራበትን ቤት ማለቴ ነው፤ ጅቡቲ ውስጥ የራሴ የምለው አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም ከወጥ ቤቱ ጀርባ። ልብስ የምናሰጣበት የጓሮ በረንዳ ላይ አንድ መስኮት አለ። ከመስኮቱ በላይ፣ ቮሌ የምንለው የላሜራ መዝጊያ የሚጠቀለልበት ሣጥን ተገጥሟል። መዝጊያው ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ንቦቹ በሣጥኑ ስንጥቅ ገቡና እዚያው ቀሩ። በሳምንቱ ሽንኩርት እየከተፍኩ የሰፈፍ ሽታ መጣብኝና ቢላዬን አስቀመጥኩ። የአባቴ ኮት ሽታ ነው።

አባቴ ንብ አናቢ ነበር። ያን ዕለት ግን "ንብ አናቢ ነው" ብዬ ነበር የማስበው። ከሞተ ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ እኔ አላወቅኩም። የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፣ አንዷም እዚሁ ቤት፣ አብራኝ ከአንድ ሰሃን የምትበላ።

በእኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። አገር ለቆ ለሄደ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠነቀቁለታል። በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ንጋት ላይ በር ይንኳኳል፣ አንድ ትልቅ ሰው "እንግዲህ የማይቀር ነው" ብለው ይጀምራሉ። በዚህ ቅር አይለኝም፤ እኔም ለሌሎች በር ካንኳኩት መካከል ቆሜ አውቃለሁ። ግን ሥርዓቱ መርዶን ለአንድ ቀን፣ ቢበዛ ለአንድ ሳምንት ማቆያ ነው። እኔ ላይ ሦስት ወር ሆነ። አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ። አባቴን ሁለት ጊዜ ቀበሩብኝ፤ አንዴ በአፈር፣ አንዴ በዝምታ። ይህን የምጽፈው ያን መርዶ እንዴት አድርጌ እንደተቀበልኩ ለመናገር ነው፤ በልመና አልተቀበልኩትም።

እትዬ የምላቸው የቤቱን ሠራተኞች ኃላፊ ነው። ሃያ ዓመት በዚህ ከተማ የኖሩ፣ ከዘበኛው ጋር በሶማሊኛ፣ ከዓሣ ሻጩ ጋር በዓረብኛ፣ ከአሠሪያችን ከማዳም ጋር በፈረንሳይኛ የሚከራከሩና ሦስቱንም የሚረቱ ሴት ናቸው። ናጋድ ባቡር ጣቢያ መጥተው የተቀበሉኝም እሳቸው ናቸው። እናቴ ያስያዘችኝን ጋቢ አዩና፣

"ይሄን ለማን ነው ያመጣሽው? ለባሕሩ ልታለብሺው?" ብለው ሳቁ።

በዚያ ሙቀት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ አማርኛ ይኸው ነበር። ወደድኳቸው። አልዋሽም፣ እንደ ታላቅ እህት ነው የወደድኳቸው።

ኅዳር ላይ ስልኬ ከአንሶላ ጋር ማጠቢያ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ወደ አገር ቤት የምደውለው እሁድ ከቅዳሴ መልስ በእትዬ ስልክ ሆነ፤ ወንድሜም የሚደውለው በእሳቸው ነው። አንድ እሁድ "አባዬስ?" አልኩት። "ማር ቆረጣ ወጥቷል" አለኝ። ወቅቱ ስለሆነ አመንኩ። በሚቀጥለው እሁድም ማር ቆረጣ ነበር። ታኅሣሥም ገብቶ ማር ቆረጣ ነበር። "ዘንድሮ ምን ያህል ማር ነው?" ብዬ ስቄያለሁ፤ ወንድሜ አልሳቀም። ለገና እትዬ ራሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ዘወር አሉና፣

"አባትሽ ሰላም ብለውሻል፤ እንኳን አደረሰሽ ብለዋል" አሉኝ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን ይበሉልኝ" አልኩ።

ለሞተ ሰው የበዓል ሰላምታ ላክሁ ማለት ነው። 

ወደ ንቦቹ ልመለስ። ዘበኛው "ሺኒ! ሺኒ!" እያለ የበረሮ መርዝ ይዞ መጣ፤ በሶማሊኛ ንብ ማለቱ ነው። ማዳም ከለከለችው። ማዳም የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ የሚበር ነገር ካየች ልጅ ትሆናለች። እትዬ ግን ተቆጡ።

"እኔ ወደብ አካባቢ ድመት የሚያሳድድ አይጥ አይቼ አልሸሸሁም። ንብ ግን የሰይጣን መርፌ ነው።"

"ኧረ እትዬ፣ የተባረከች ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ከየት ይመጣል?"

"ጧፉን እወደዋለሁ። ባለቤቶቹን ነው የማልወደው።"

የበረንዳው ጥግ ግን የእሳቸው ነበር። ከቀትር በኋላ ጥላ የሚውልበት ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ ምንጣፋቸውን አንጥፈው ጋደም ይላሉ። ሦስት ቀን ሌላ ቦታ ሞክረው ሙቀቱ መለሳቸው። "ሃያ ዓመት የተኛሁበትን ቦታ ለዝንብ ዘመድ አልለቅም" ብለው ተመልሰው ተኙ። ንቦቹም አልነኳቸውም። ክሊም ከምንለው ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ ስለምንቀበል፣ ባልዲው አፍ ላይ ተደርድረው ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ተላመዱ።

ማዳም ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቿን ወረቀት ወጥ ቤት እያረመች ስለ ንብ ታወራኛለች። ፈረንሳይኛዋ ሲያመልጠኝ በእጇ ትሠራልኛለች። የነገረችኝ እንዲህ ነው። በቀፎው በር ላይ ዘብ የሚቆሙ ንቦች አሉ። ጠላት ሲመጣ ወይም አንዷ ስትጨፈለቅ፣ ዘቧ ጭራዋን ወደ ላይ ሰቅላ መንደፊያዋ ያለበትን ትከፍታለች፤ ክንፏንም ታርገበግባለች። ያን ጊዜ የሚወጣው ሽታ ጥሪ ነው። ሌሎቹ በአንቴናቸው ይቀበሉታል።

"የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው" አለችኝ። ሽታው የደረሳት ንብ ሰውነቷ እዚያው ይለወጣል። አንጎሏ ውስጥ የአንዳንድ ንጥረ ነገሮች መጠን ይጨምራል፤ ብዙ አየር ትስባለች፤ ገና ሳትነሣ የክንፏ ጡንቻ ይግላል። ሕመም እንኳ በደንብ አይሰማትም፤ ብትመታ ወደኋላ አትልም። ከሰፈፍ ክፍሏ ገና የወጣች ንብ ግን ሽታው ቢመጣም ብዙ አያነሣሣትም። የሚቆጡት ከርመው በር ላይ የደረሱት ናቸው። ከነደፈች ደግሞ መንደፊያዋን ሥጋ ውስጥ ትታ ትሞታለች። መንደፊያው ብቻውን ቀርቶ መርዙን መግፋቱን ይቀጥላል፤ ሽታውንም ይረጫል። የቀሩት ወዴት እንደሚመጡ የሚያውቁት በዚያ ነው።

"ሽታው ምን ይመስላል?" አልኳት።

"ሙዝ። የበሰለ ሙዝ።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አባቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰም፤ ግን ሙዝ የበላ ልጅ ቀፎ አጠገብ አያስደርስም ነበር። ለጥሪውም የራሱ ስም ነበረው። "አንዷን ከጨፈለቅሽ ልብስሽን ጥለሽ ሩጪ" ይለኝ ነበር፤ "የሰው መርዶ ያድራል፣ የንብ መርዶ አያድርም።" ይህን ለማዳም በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ "አባትሽን ባገኛቸው ደስ ይለኛል" አለች። እትዬ ከኋላችን ማንኪያ እያደረቁ ነበር። ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። አነሡትና እንደገና አጠቡት።

"ሽታው ምን ያህል ይቆያል?" አልኩ ለማዳም። ያን ጊዜ ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም።

"ጥቂት ደቂቃ። ቶሎ ይተናል።"

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ገበያ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ያገራችን ሴት አትክልት ትሸጣለች። ስታየኝ ከወንበሯ ተነሣች።

"ነይ የኔ እናት። ሙዙ ትናንት ከአገር የገባ ነው፣ ጾምሽን ፍቺበት። እንዴት ነሽ? በረታሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጾሙ ነው እንጂ ሌላው ደኅና ነው።"

"አይ፣ ሐዘኑን ማለቴ ነው። ሰማንያቸውን ጾም ሳይገባ አወጡላቸው አሉ፤ ደግ አደረጉ። ነፍስ ይማር። ምን የመሰለ ማር ይልኩልሽ ነበር እኮ።"

"ማን?"

ሴትዮዋ ሙዙን ሚዛን ላይ እንዳደረገች ቀረች።

"ማን ነው ማር የሚልክልኝ?" አልኩ እንደገና።

"ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!" ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። "እትዬሽ ነግሬያታለሁ ብለውን እኮ ነው! በኅዳር ጽዮን ማግስት ነው ያረፉት። 'እኔ ራሴ አረዳኋት፣ አለቀሰች፣ አሁን ግን ለቅሶ አትምጡብኝ ብላለች' አሉን። እኛም ሰው የሚገባበት ቤት አይደለም ብለን፣ እሁድ እሁድ በዓይናችን ብቻ..."

ለካ ያ ዓይን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ጉንጬን ሲስሙኝ እጄን ጠበቅ፣ ቀና ብለው አየት አድርገው ዝም የሚሉት። እኔ ደግሞ ሥራው አክስቶኝ ይሆናል ብዬ ነጠላዬን አጣፋ ነበር። አንዲት ንብ ብትጨፈለቅ መንጋው ይሰማል፤ ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቶ አባት የሞተብኝ እኔ ብቻ ሳልሰማ ቀረሁ።

ገበያው መሐል አላለቀስኩም። ሙዜን ተቀብዬ መጣሁ። ከሚዛን ላይ የወደቀ ወሬ መርዶ አይደለም፤ መርዶ የሚያረዳ አፍ ይፈልጋል። ያ አፍ ደግሞ ወጥ ቤታችን ውስጥ ነበር፣ ምስር እየቀመሰ ጨው ያንሰዋል የሚል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። እስካሁን "እሳቸው" እያልኩ የጻፍኩት አስተዳደጌ ሆኖ ነው። ከዚህ በኋላ "እሷ" እላታለሁ። ፊት ለፊት ግን ያን ጊዜ ገና "እርስዎ" ነበር የምላት፤ ምላሴ ከልቤ ዘግይቶ ነው የተነሣው።

ለምን እንዳደረገችው አውቃለሁ። ለፈረንጆች ገና የማዳም ወንድም ከነቤተሰቡ ሊመጣ ነበር፤ ስምንት ሰው፣ ሦስት ሳምንት። እኔ ሐዘን ተቀምጬ ወይም አገር ቤት ሄጄ ብሆን ያ ሁሉ ምግብና አንሶላ በእሷ ላይ ይወድቃል። "እንግዶቹ ይሂዱ" ብላ አቆየችው። እንግዶቹ ሲሄዱ "ለምን እስካሁን?" የሚለው ጥያቄ መጣባት፤ እሱን ፈርታ ደግሞ አቆየችው። ምክንያቱ ስለገባኝ ንዴቴ አልቀነሰም። እንዲያውም ትንሽነቱ ነው ያቃጠለኝ።

ሦስት ቀን ሰጠኋት። በመጀመሪያው ቀን፣

"እትዬ፣ የሚነግሩኝ ነገር አለ?" አልኳት።

"ምን?"

"እንጃ።"

"አዎ፣ አለ። ቲማቲሙን አትፍጪው፣ ክተፊው።"

በሁለተኛው ቀን አባቴን በሕልሜ አየሁት አልኳት። "በጾም ሕልም ሆድ ነው" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ብቻ ተከተልኩ። ዓይኗ ከእኔ ሸሽቶ ምድጃ ላይ፣ ከምድጃ መስኮት ላይ ሄደ።

እኔ ጸሎት የማስታጉል ሰው አይደለሁም። በዚያ ሳምንትም አላስታጎልኩም። ግን አባታችን ሆይ ስደግም፣ የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ቦታ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ጠዋትም ዘለልኩት፣ ማታም ዘለልኩት። እግዚአብሔርን መዋሸት ፈራሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በሙዝ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾማችንን ስንፈታ፣ ከገበያው የቀረውን፣ ቆዳው የጠቆረውን ሁለት ሙዝ ለእሷ አቀረብኩ። ምንጣፏ ላይ፣ ከሣጥኑ ሥር ተቀምጣ በላችው። እኔ ወጥ ቤቱን ከበረንዳው ከሚለየው የመስታወት በር ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁ። አንዲት ንብ መጥታ ልጣጩ ላይ ትንሽ ተራመደችና ውሃዋን ጠጥታ ሄደች።

"ማር ነው የሚመስለው" አለችኝ እትዬ ጣቷን እየላሰች። "እግዜር ይስጥሽ፣ ተባረኪ።"

መርቃኝ ተኛች። ንቦቹ የፍሬ ሽታና የሞት ሽታ ለይተው ያውቃሉ ማለት ነው። እኔም ሐሳቤን የዚያን ዕለት መተው እችል ነበር። ምርቃቱ ግን የባሰ ነካኝ፤ አባቴን ሸሽጋ እኔን የምትመርቅበት አፍ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማዳም ትምህርት ቤት ነበረች። እትዬ ምንጣፏን አንጥፋ ከወገቧ በላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ነጭ ሻሿ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ከእሷ በግድግዳ ጥግ በተከለለው ባልዲ አፍ ላይ ንቦቹ ተደርድረዋል። ሻሹን ከገመድ አወረድኩና ወደ ባልዲው ሄድኩ። ሰባት ጨፈለቅሁ። አንድ በአንድ፣ ጭራቸውን በሻሹ ጠርዝ መሐል አድርጌ በአውራ ጣቴ። ንቦቹን "ይቅር በሉኝ" አልኳቸው። ሦስቱ ከመሞታቸው በፊት ነደፉኝ፤ መንደፊያቸው ጣቴ ላይ ቆሞ አየሁት እንጂ አልተሰማኝም። ሻሹን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። የበሰለ ሙዝ።

ሰው በንብ እንደሚሞት አውቃለሁ። አላወቅኩም ነበር ብዬ አልጽፍም። በሬ ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ።

"እትዬ፣ ሻሽዎ ደርቋል።"

"አምጪልኝማ፣ ራሴን ገልጬ ነው የተቀመጥኩት።"

አሰረችው። ቋጠሮውን ከኋላ አስተካከልኩላት። ወደ ውስጥ ገባሁ፣ የመስታወቱን በር ሳብኩ፣ መቀርቀሪያውን ጣልኩ። በሩ የሚቆለፈው ከውስጥ ብቻ ነው።

ፈጥኖ መጣ። መጀመሪያ አንዲት ዘብ ወርዳ ግንባሯን ሁለቴ በራሷ ገጨቻት፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ አባቴ ቢሆን ሳይንቀሳቀስ ይቆም ነበር። እትዬ "ዘወር በይ ወዲያ!" ብላ መታቻት። ንቧ ቅንድቧ ላይ ነደፈቻት። ከዚያ የሣጥኑ ድምፅ ተለወጠ። ሲያንጎራጉር የከረመው እንደ ተጣደ ዘይት መንጫጫት ጀመረ። ስንጥቁ ላይ ጭራቸውን የሰቀሉ ንቦች ተደርድረው ክንፋቸውን ሲያርገበግቡ አየሁ፤ ማዳም በእጇ እንዳሳየችኝ። ወዲያው ወረዱ።

እትዬ ተነሥታ ወደ በሩ ሮጠች። ሁለት መዳፏ መስታወቱ ላይ አረፈ።

"ክፈቺ! ክፈቺልኝ!"

"አርጂኝ" አልኳት።

"ምን?"

"አባቴን አርጂኝ።"

በዚያ ሁሉ ንብ መሐል ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ያስደነገጣት ማወቄ ነው ወይስ "አንቺ" ማለቴ፣ እስካሁን አልለየሁትም። አራት ዓመት "ይበሉ፣ ይጠጡ፣ ይቀመጡ" ያልኳት ሴት ናት።

"ግቢና እንነጋገር በይኝ! የኔ ልጅ፣ ልሞት ነው!"

"ቁሚና አርጂኝ። በሥርዓቱ።"

"ለአንቺ ብዬ ነው! ሰው አገር፣ ብቻሽን፣ ማን ይይዝሻል ብዬ..."

"በሥርዓቱ።"

ጉንጯ ላይ ሁለት ነበሩ፣ ከንፈሯ ላይ አንድ። ሻሹ ጠቁሮ ነበር፣ በንብ። እጇን ከመስታወቱ አወረደች፤ ቀጥ አለች። ያን ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትልቅ ሰው መሰለችኝ።

"እንግዲህ... የማይቀር ነው" አለች። ከንፈሯ እየተሳሰረ ነበር። "አባትሽ ዐርፈዋል። በኅዳር፣ በጽዮን ማግስት። ሳይሰቃዩ ነው፤ ከቀፏቸው ተመልሰው፣ ደክሞኛል ብለው ጋደም እንዳሉ ነው። ወንድምሽ ነው የነገረኝ። እግዜር ያጥናሽ።"

ከፈትኩ። ከቆለፍኩት እስክከፍተው አንድ አባታችን ሆይ የሚያስደግም ጊዜ ነው፣ ምንም ሳይዘለል።

ሻሹን ነጥቄ ወደ ውጭ ወረወርኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እርጥብ አንሶላ አለበስኳት። አብረው የገቡትን በፎጣ ያዝኩ። ውጭ ሻሹ ላይ ይከመሩ ነበር፣ ባዶ ጨርቅ እየነደፉ። እሷን ወንበር ላይ አስቀምጬ በቢላ ጀርባ መንደፊያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን ፋቅሁ። በጣት የቆነጠጠ ሰው መርዙን ይጨምቀዋል። ከአንገቷ፣ ከጆሮዋ፣ ከዓይኗ ቆብ ላይ። የመጨረሻውን አገጯ ሥር አየሁት፤ ትንሿ የመርዝ ከረጢት ብቻዋን ትር ትር ትላለች። ቢላዬን አስቀመጥኩ።

"አንዱን አንቺ አውጪው" አልኳት።

ከዚያ ጮኽኩ። ሦስት ወር የዘገየ ጩኸት ከአንድ ሰው ደረት የሚወጣ አይመስልም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወደቅሁ፣ ደረቴን መታሁ፣ "አባዬ" አልኩ። ሐዘንተኛ ራሱን እንዳይጎዳ ያዥ ያስፈልገዋል። እትዬ አንድ ዓይኗ እንደተዘጋ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። ገፋኋት። ያለ ያዥ አለቀስኩ። የጣቴ ንድፊያ ያቃጠለኝ አልቅሼ ስጨርስ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ፍም ሆነብኝ።

ማዳም መጥታ እትዬን ክሊኒክ ወሰደቻት። መርፌ ተወጋች፤ ለሕይወቷ አያሰጋም ተባለ። ማዳም ስትመለስ "ምን አስቆጣቸው?" አለችኝ።

"ሙቀቱ።"

በጾም ዋሸሁ። ማዳም በረንዳው ላይ የወደቀውን ሻሽ አየች፣ የእኔን ጣት አየች፣ ሌላ አልጠየቀችም። በማግስቱ ንብ የሚያዛውር ሰው እንደምትፈልግ ብቻ ነገረችኝ።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናግሬያለሁ። "ትጸጸቻለሽ?" አሉኝ። "በንቦቹ" አልኳቸው። የሰጡኝን ስግደት ጨርሻለሁ፤ ሲጨርሱት የሚመጣ ይቅርታ አለ ብለውኛል፣ እጠብቃለሁ።

እትዬ በመርፌው ደክማ ጋደም እንዳለች ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ደውላ ነበር። "አሁን ሰው እንቀበል ብላለች፣ ኑ" ብላቸዋለች። በማግስቱ ማለዳ ስድስት ሆነው መጡ፤ ማዳም ሳሎኑን ለቀቀችልን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገና ከበሩ እያለቀሱ ገቡ። አቀፉኝ፣ ያዙኝ። አትክልት ሻጯ ሴት ከመሐላቸው ነበረች፤ መሬት መሬት ታያለች። እትዬም ወጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ እንደ ሊጥ ነፍቷል፤ አንዱ ዓይኗ ጨርሶ የለም፣ ሌላው ክር ያህል ተከፍቷል።

በዕድሜ ትልቋ ሴት አዩዋትና ደረታቸውን ደቁ።

"ምስኪን! ለሰው አባት እንዲህ? ዓይኗ እኮ ጠፋ!"

"ዘመድ ማለት ይሄ ነው" አለች ሌላዋ። "ከልጅቱ በላይ ነው ያለቀሰችው።"

"በውነት አብጣ የለም እንዴ! ይሄ ስንት ቀን የተለቀሰ ለቅሶ ነው?"

እትዬ በዚያች ክር በምታህል ዓይኗ እኔን አየችኝ። ብትናገር በእጇ ነበርኩ፤ ሻሹን ማን እንዳሰረላት፣ በሩን ማን እንደቆለፈ ታውቃለች። ምስጋናውን ደግሞ "አይገባኝም" ብላ አልመለሰችም። ሴቶቹ ሁሉ መልሱን ከእኔ እንደሚጠብቁ ዞረው አዩኝ።

"አዎ" አልኳቸው እንባዬን እየጠረግሁ። "እኔ የሰማሁት ትናንት ነው። እሷን ያሳበጣት ሦስት ወር ይዛው ስለቆየች ነው።"